እኔ የምፈራው መክሰር አልነበረም፦ ብሬን የት ላስቀምጥ ስል ያየሁት

ባለፈው ሳምንት ቢሮ አንዷ ልጅ መጥታ "እህቴ 250 ሺ ብር አለኝ፣ ምን ላድርገው?" አለችኝ። አካውንታንት ስለሆንኩ ሰው የገንዘብ ነገር ሁሉ የማውቅ ይመስለዋል፣ እኛ'ኮ የሌላ ሰው ብር የት እንደገባ ነው የምንመዘግበው እንጂ የራሳችንን የት እንደምናስገባ ማን አስተማረን። መልስ አልሰጠኋትም፣ መልሼ ጠየቅኳት። "ነገ ጠዋት ስትነሺ 60 ሺው ጠፍቶ ብታገኚው ነው ወይስ ለሁለት ዓመት እንዳትነኪው ብትባዪ ነው ይበልጥ የሚያስጨንቅሽ?" አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። እኔም በሷ እድሜ ብጠየቅ ዝም ነበር የምለው፣ መልሱን ያወቅኩት ብዙ ቆይቼ፣ ያውም ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ላውራችሁ።

በ2010 አካባቢ 210 ሺ ብር ገደማ አጠራቅሜ ነበር። ዓመታት የፈጀ ብር ነው፣ ከደሞዝ ትንሽ ትንሽ፣ ሁለት ዕቁብ ምናምን። ሁሉም ቁጠባ ሒሳብ ላይ ተኝቷል። በዛው ዓመት ጥቅምት ላይ ብር በ15 ፐርሰንት ሲወርድ የቁጠባ ወለድም ከ5 ወደ 7 ከፍ ተደርጎ ነበር፣ እና እኔ 7 ፐርሰንት ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር በሞቴ። የዘይቱንና የጤፉን ዋጋ ከወለዱ ጎን አስቀምጬ አስልቼ አላቅም። ሥራዬ ማስላት ሆኖ!

ከዛ የቢሮ ሰው ሁሉ ስለ ባንክ አክሲዮን ማውራት ጀመረ። አንዱ አክሲዮን 1 ሺ ብር ነው፣ በዓመት በዓመቱ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠቅላላ ጉባኤ ሲደረግ ዲቪደንድ (ለባለአክሲዮን የሚካፈል ትርፍ) ይታወጃል፣ "እገሌ በአንድ ሺ ብሩ ላይ ከ200 ብር በላይ አገኘ" ይባላል። 7ን ከ20 ጋር ማወዳደር አካውንታንት መሆን አይፈልግም። በ2011 ከ210 ሺው ውስጥ 150 ሺውን አውጥቼ 150 አክሲዮን ገዛሁ። ያኔ ማንም "ይሄን ብር መቼ ነው የምትፈልጊው?" ብሎ አልጠየቀኝም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት "ባንኩ ይከስራል ወይ?" ብቻ ነው። "ኧረ ባንክ ምን ሆኖ ይከስራል" አሉኝ፣ እውነትም አልከሰረም፣ እስካሁንም አልከሰረም። የኔ ነገር ከባንኩ ጋር አይገናኝም ነበር።

ሁለት ዓመት ተኩል ልቤ እንደ ሐይቅ ረጋ ብሎ ኖረ። ዲቪደንድ ሲመጣ ግማሹን እበላለሁ ግማሹን አስቀምጣለሁ። ራሴን "ሪስክ የምችል ደፋር ሴት" አድርጌ አይ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ደፋር ሆኜ ሳይሆን ዋጋው ስለማይታየኝ ነው። የባንክ አክሲዮን ያኔ ገበያ የለውም፣ ዛሬ ስንት ነው ብለህ የምታይበት ቦታ የለም፣ ወረቀቱ ላይ 1,000 ብር ይላል በቃ 1,000 ነው። ዋጋው ቢወርድም አታየውም፣ ያላየኸው ነገር ደግሞ አያስጨንቅህም።

ሚያዝያ 2013 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገው። ይሄ ለኔ ቢጤው ምን ማለት ነው መሰላችሁ፣ ባንኮቹ ካፒታል ስለሚፈልጉ ነባር ባለአክሲዮኖችን "ተጨማሪ ግዙ" ይላሉ፣ ካልገዛህ ድርሻህ ይሳሳል፣ ትርፉም በብዙ አክሲዮን ስለሚካፈል የድሮው ዲቪደንድ ይቀንሳል። እኔም ተሽቀዳድሜ 60 አክሲዮን ፈረምኩ፣ ሩቡን 15 ሺ ብር ከፍዬ ቀሪውን በየጊዜው ልከፍል። እና ይሄን ስፈርም እጄ ላይ ጥሬ ብር የቀረኝ 38 ሺ ነበር። 38 ሺ! እሱንም "ምን ሊያጋጥመኝ ነው" ብዬ።

ጥቅምት 2014 ላይ እማዬ ታመመች። ዝርዝሩን ልተወው፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል ተባለና ከነምርመራው ወደ 190 ሺ ብር ነው የተነገረን። እኔ ምንም አልደነገጥኩም፣ ከ160 ሺ በላይ አክሲዮን አለኝ'ኮ፣ ሸጬ እከፍላለሁ ብዬ ነው የወጣሁት።

በማግስቱ የአክሲዮን ክፍል ሄድኩ። ገዢውን ራስሽ ነው የምታመጪው አሉኝ፣ ገዢ ካገኘሽ በኋላ ውል ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ ይጸድቃል፣ ባልሽ ይፈርማል፣ የግብር ጉዳይ ይጨረሳል፣ ከዛ ነው እኛ ጋ ስም የሚዞረው። እሺ። ግን ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤ ስለደረሰ መዝገቡ ይዘጋል፣ ከጉባኤው በኋላ ነይ። አክሲዮኑን አስይዤስ ልበደር ብዬ ሌላ ባንክ የሚሠራ ሰው ጠየቅኩ፣ በዛ ሰሞን ደግሞ ብሔራዊ ባንክ በማስያዣ የሚሰጥ ብድርን አግዶ ነበር። ደላላ ጋ ደወልኩ። ወቅቱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፣ ጦርነቱ እየቀረበ ነው፣ ጥቅምት 23 አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ሰው ሁሉ ብሩን በእጁ ይዞ ነው የሚጠብቀው፣ ማን አክሲዮን ይገዛል። ደላላው "እህቴ አሁን ሻጭ ነው የሞላው" አለኝ። እቺን ነገር ልብ በሉልኝ፣ አንተ ብር በጣም የምትፈልግበት ቀን ብዙ ጊዜ ሌላውም ሰው የሚፈልግበት ቀን ነው፣ ስለዚህ "ሲቸግረኝ እሸጠዋለሁ" የሚለው እቅድ ሁሉም ሰው ባንድ በር ሊወጣ ሲሞክር የሚሆነው ዓይነት ነው።

የእማዬን ነፍስ ያተረፈው (ከእግዜር ቀጥሎ) ዕቁብ ነው። በወር 5 ሺ የምንጥልበት የ30 ሰው ዕቁብ ነበረኝ፣ 150 ሺ ይወጣል፣ የኔ ዕጣ ግን ገና አልደረሰም። ዳኛው ጋ ደውዬ አለቀስኩለት፣ እሱ ደግሞ ያን ወር ዕጣ የወጣላትን ሴትዮ አናገረልኝ። ልጅ ልትድር ነው ያሰበችው፣ ሠርጉ ገና ነው፣ "ቅድሚያ ለእናት ነው" ብላ 5 ሺ ብር ብቻ ተቀብላ ለቀቀችልኝ፣ እሱንም እምቢ ብላ እኔ ነኝ ያስጨበጥኳት። ሁለት ዋስ አቀረብኩና በሦስተኛው ቀን ብሩን ቆጠርኩ። ከ38 ሺው ጋር ደምሬ፣ የጎደለውን ከቢሮ ደሞዝ አስቀድሜ ወሰድኩ። ወለድ የማይከፍለው፣ ማንም "ኢንቨስትመንት" ብሎ የማይጠራው ዕቁብ በሦስት ቀን ደረሰ፣ 20 ፐርሰንት ያስገኛል የተባለው አክሲዮን የተሸጠው የካቲት ላይ ነው። መቶውን ነው የሸጥኩት፣ ያውም በዛው በ1,000 ብሩ፣ ድሮ ሰው ከነትርፉ ነበር የሚሸጠው።

አሁን ይሄን ታሪክ ለሰው ሳወራ "ከሰርሽ ማለት ነው?" ይሉኛል። አልከሰርኩም። በገዛሁበት ሸጥኩ፣ የሁለት ሦስት ዓመት ዲቪደንድ በልቻለሁ፣ ሒሳቡን ብትሠሩት ከቁጠባ በብዙ የተሻለ ነው። ግን ያንን ወር እንደገና እንድኖረው 50 ፐርሰንት ትርፍ ቢሰጡኝ አልፈልግም። የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ "ብር አለኝ ግን የለኝም" እያልኩ የቆምኩባት ማታ ናት ስለ ራሴ ያስተማረችኝ። እኔ ብሬ ቢቀንስ እችላለሁ። ስፈልገው አለማግኘት ነው የማልችለው።

ሪስክ ሲባል ሁላችንም የምናስበው መክሰርን ነው አይደል፣ እኔ ግን ከዛ በኋላ ሦስት ዓይነት ፍርሃት እንዳለ ነው የማየው፣ አንዱ ዋጋው ወርዶ ማየት፣ አንዱ ብሩ ተቆልፎ መቅረት፣ አንዱ ደግሞ ቁጥሩ ሳይነካ የሚገዛው ነገር እያነሰ መሄድ። ሦስቱንም የሚያመልጥ ነገር እስካሁን አላገኘሁም፣ አለ የሚላችሁ ሰው ካለ ስልኩን ዝጉበት። (በቀን 2 ፐርሰንት እንሰጣለን ስለሚሉት አፖች አላወራም፣ እሱ ሪስክ ሳይሆን ሌብነት ነው፣ እኛ ቢሮ የሁለት ሰው ብር በልተዋል።)

ሦስተኛውን ፍርሃት የተማርኩት ደግሞ ከሁለተኛው ስሸሽ ነው። ከእማዬ ሕመም በኋላ እንደ እባብ ያየ በልጥ በረየሁ፣ ያለኝን ሁሉ ቁጠባ ውስጥ ከተትኩት። የፈረምኩትን ቀሪ አክሲዮን እንኳ መክፈል አቆምኩ። ሐምሌ 2016 ላይ ወደ 400 ሺ ብር ነበረኝ፣ ሁሉም በ7 ፐርሰንት፣ በቴሌፎን አንድ ደቂቃ ውስጥ የማወጣው። የዋጋ ንረቱ በ2014 ብቻ ከ30 ፐርሰንት በላይ ነበር'ኮ፣ ግን ምንም አልተሰማኝም፣ እንቅልፌን እተኛለሁ። ሐምሌ 22 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ ተባለ፣ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከመቶ አለፈ። እኔ ዶላር አልገዛም ምን አገባኝ አልኩ። የእማዬ መድኃኒት ከውጭ ነው የሚገባው። መስከረም ላይ ፋርማሲ ሄጄ ዋጋውን ስሰማ ልጅቷን "ተሳስተሻል እንዴ" አልኳት። አልተሳሳተችም። ከሁሉ የገረመኝ ግን እሱ አይደለም፣ ቤት ገብቼ ሒሳቤን ሳየው 400 ሺው እዛው አለ፣ አንድም ብር አልጎደለም፣ እና ቁጥሩን ሳይ ንዴቴ በረደ! ብሬ የሚገዛው መድኃኒት እንደዛ አንሶ፣ ቁጥሩ ስላልተነካ ተረጋጋሁ። ያኔ ነው የራሴን ስሜት ማመን የተውኩት፣ ስሜቴ የሚነግረኝ የሚፈራውን እንጂ የሚጎዳኝን አይደለም።

ወንድሜ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው፣ የሱ ደግሞ የኔ ተቃራኒ ነው። የሥራ ቦታው የጡረታ ቁጠባ አለው፣ ፎር ኦ ዋን ኬ የሚሉት፣ ሲጀምር መጠይቅ አስሞሉት፣ "የአክሲዮን ገበያው 20 ፐርሰንት ቢወርድ ምን ታደርጋለህ?" የሚል ጥያቄ አለበት፣ እሱ "ጨምሬ እገዛለሁ" ብሎ ሞላ። ሲሞላ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና እየጠጣ ነው። በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና ሲመጣ የአሜሪካ ገበያ በኛ አቆጣጠር ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት 14 ባለው አንድ ወር ገደማ ወደ 34 ፐርሰንት ወረደ። እሱ ከሥራ ተቀንሶ ቤት ቁጭ ብሏል፣ ስልኩ ላይ አፕ አለ፣ በየአሥር ደቂቃው ይከፍተዋል። መጨረሻ አካባቢ ሁሉንም ሸጠው። ገበያው ነሐሴ ላይ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ እሱ የተመለሰው በቀጣዩ ዓመት፣ ከሸጠበት በብዙ ውድ ዋጋ ነው። ደውሎ የነገረኝ እኔ የአክሲዮኔን ነገር ሳወራው ነው እንጂ አፍሮ ለማንም አልተናገረም ነበር።

"አንቺ መሸጥ ስላልቻልሽ ተሰቃየሽ፣ እኔ መሸጥ ስለቻልኩ ተሰቃየሁ" አለኝና ሳቅን። የሱ ብር እኮ ጡረታ እስኪወጣ ሃያ ምናምን ዓመት አይፈለግም፣ ቢቆለፍበት ምንም አይሆንም፣ እሱ የማይችለው ማየትን ነው። መድኃኒቱም ቀላል ሆነ፣ የጡረታ ዓመትህን ነግረኸው የአክሲዮኑንና የቦንዱን ድርሻ ራሱ እያስተካከለ የሚሄድ ፈንድ ውስጥ አስገባው፣ አፑን ከስልኩ አጠፋው። በፈረንጆቹ 2022 አክሲዮኑ ወደ 19 ፐርሰንት ወርዶ ቦንዱም አብሮ ሲወርድ ብሩን የነካው የለም። ደፋር ሆኖ አይደለም፣ አላየም።

ወደ ቤቴ ልመለስ። ባለቤቴ ሹፌር ነው፣ በአፕ የሚጠራ ታክሲ ነው የሚሠራው፣ እሱ በተፈጥሮው ምንም አይፈራም። ከመድኃኒቱ ነገር በኋላ "አየሽ ብር ማስቀመጥ ሞኝነት ነው፣ ቤት እንግዛ" ብሎ ተነሳ፣ ገና መሠረቱ እየተቆፈረ ያለ አፓርታማ፣ ቅድሚያ 20 ፐርሰንት ከፍለህ ቀሪውን በየሦስት ወሩ። ሁለት ሳምንት ተጨቃጨቅን። እሱ ፈሪ ነሽ ይለኛል እኔ ግዴለሽ ነህ እለዋለሁ፣ ማንም አያሸንፍም ምክንያቱም የባሕርይ ክርክር ነው። መጨረሻ ላይ እንደ ሥራዬ አደረግኩት፣ ደብተር አውጥቼ የ24 ወር ገቢያችንን ጻፍን። የኔ ደሞዝ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የሱ ደግሞ ዝቅተኛው ወር የከፍተኛውን ግማሽ እንኳ አይሞላም፣ አንዴ ሞተር ወርዶ፣ አንዴ ቤንዚን ሰልፍ፣ አንዴ ታሞ። "በዚህ ወር ክፍያው ቢደርስ ከየት ነበር የምናመጣው?" አልኩት ዝቅተኛዋን ወር እያሳየሁ። ቆየና "ለእማዬ መታከሚያ ካስቀመጥነው ብር" አለ። እሱ ራሱ የተናገረውን ሰምቶ ዝም አለ።

ድፍረት ሌላ አቅም ሌላ ነው ለካ። እሱ ድፍረቱ አለው፣ ገቢው ግን ድፍረቱን አይሸከምም። እኔ ቋሚ ደሞዝ አለኝ፣ ልቤ ግን ቶሎ ይደነግጣል። መጠይቅ ላይ የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ ልብህ ነው፣ ከልብህ በፊት ግን ደብተርህን ማየት ይሻላል። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ደግሞ ከሁለታችሁ ቶሎ የሚደነግጠው ነው ወሳኙ፣ ምክንያቱም በክፉ ቀን እሱ ነው "እንሽጥ" ብሎ ሌሊት የሚቀሰቅሰው። ይሄን ባለቤቴ እስካሁን አይቀበለኝም።

አፓርታማው ቀረ። (የሱ ጓደኛ በሌላ ቦታ ከፍሎ ሕንፃው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሟል፣ እሱን ካየ በኋላ ትንሽ ቀዝቅዟል።) በሱ ፋንታ ብሩን ስም አወጣንለት። የመጀመሪያው "የእማዬ ብር" ነው፣ የስድስት ወር ወጪያችን፣ ሁለት ባንክ ተከፍሎ ቁጠባ ላይ ተቀምጧል። ዋጋው እንደሚበላ አውቃለሁ፣ አውቄ ነው ያስቀመጥኩት፣ ወለድ ሳይሆን እንቅልፍ ነው የምገዛበት። ለሁለት የከፈልኩትም የተቀማጭ መድን ፈንዱ ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ የሚሸፍነው እስከ 100 ሺ ብር ስለሆነ ነው፣ ሲስተም የለም የሚባልባት ቀንም አለች። ሁለተኛው "የዓመት ብር" ነው፣ ዕቁቡና በጊዜ ገደብ የተቀመጠ ጥቂት ብር፣ እንደ ልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ ለሚታወቅ ነገር። የመጨረሻው "የረሳነው ብር" ይባላል፣ ቀሪዎቹ የባንክ አክሲዮኖች እዚህ ናቸው።

ኢትዮ ቴሌኮም ጥቅምት 2017 ላይ 10 ፐርሰንት ድርሻውን ለሕዝብ ሲያቀርብ የገዛሁትም "የረሳነው" ውስጥ ነው። አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ መግዛት የሚቻለው 33 አክሲዮን፣ በቴሌብር 9,900 ብር ከፍዬ ትንሿን ገዛሁ። ባለቤቴ "300 ሺ እናድርገው" ብሎ ነበር። ድርጅቱ ትርፋማ ነው አይደለም የሚለው ጥያቄዬ አልነበረም፣ የኔ ጥያቄ "ከፈለግኩት መቼ ነው ሸጬ የምወጣው?" ነው፣ ለዚያ ደግሞ ያኔ መልስ የሚሰጠኝ ሰው አላገኘሁም። መልስ ያላገኘሁለትን ነገር ጠፋ ብዬ በምችለው ብር ነው የገባሁበት። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው ወደ 10.7 ሚሊዮን ነው፣ እንደኔ ያመነታ ሰው ብዙ ሳይሆን አይቀርም።

ወርቅስ ለምትሉኝ፣ ሴቶች ሁላችንም ትንሽ ትንሽ አለን። በማንኛውም ቀን ወርቅ ቤት ሄደህ ትሸጠዋለህ፣ ለኔ ዓይነት ፍርሃት ጥሩ ነው፣ ግን ስትገዛ የእጅ ዋጋ ትከፍላለህ ስትሸጥ እሱን ማንም አይመልስልህም፣ ስለዚህ ለዓመታት ካልያዝከው አያዋጣም። ደሞ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ሌላ ፍርሃት ነው።

ያቺ የቢሮ ልጅ ሰኞ ተመልሳ መጣች። አስባበታለች፣ "ጠፍቶ ባገኘው እብዳለሁ፣ ሁለት ዓመት አትንኪው ብባል ግን ችግር የለውም" አለችኝ። ጎበዝ አልኩና ለምን እንደምታጠራቅመው ጠየቅኳት። "ለሠርጌ፣ ሚያዝያ ላይ ነው" አለች። አምስት ወር! "ታዲያ ምኑን ነው ኢንቨስት የምታደርጊው፣ እዛው ቁጠባሽ ላይ ይቀመጥ፣ አዳራሹን ቀድመሽ ክፈዪ" አልኳት። ይሄንን ልስማ ብዬ ነው እንዴ ሳምንት ሙሉ ያሰብኩት የሚል ፊት አሳየችኝ።

እኛ ቤት ደግሞ አሁን አዲስ ጉዳይ አለ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ (አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት ገበያ) ጥር 2 2017 ተከፍቷል፣ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዝግቧል። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ የዛን ጊዜ እንዲህ ያለ ገበያ ቢኖር ኖሮ ቢያንስ ዋጋ ቀንሼ በቀናት ውስጥ ሸጬ እወጣ ነበር። ግን ደግሞ የኔ ባንክ እዛ ሲገባ 1,000 የሚለው ቁጥር መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ አንድ ቀን 900 ሆኖ አየዋለሁ፣ ያኔ የወንድሜ በሽታ እኔንም ይይዘኛል ብዬ እፈራለሁ። ባለቤቴ ከወዲሁ "አፕ ይኖረው ይሆን?" እያለ ነው። ተስማምተናል፣ አፕ ካለው የሚጫነው እሱ ስልክ ላይ ነው፣ ዋጋውን እሱ ያያል ግን ለኔ አይነግረኝም፣ የይለፍ ቃሉ ደግሞ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው።